የአባባ ኮምባይነር

መስከረም 14

ጠዋት ብየዳ ሱቄ ነበርኩ። የአንድ ደንበኛ የግቢ በር በየድኩ። ሰውዬው "ሴት በየደችው ብል ማን ያምነኛል?" እያለ ለብቻው ሳቀ። አልሳቅኩም። ቸኩዬ ነበር።

ከሰዓት ቡሹሎ ወረድኩ፣ አባባ ግቢ። ጋሽ ኑሪ ቀድመውኝ ደርሰው ኮምባይነሩ ሆድ ውስጥ ገብተዋል። ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ። ወንፊቱን ፈተን አወጣነው። ምን የሌለ ነገር አለ… የበሰበሰ ገለባ፣ የአይጥ ጎጆ፣ እባብ ጥሎት የሄደ ቆዳ።

"አባትሽ እንዲህ ሆኖ ቢያየው ሁለታችንንም ነበር የሚገርፈን" አሉ።

እኔን ገርፎኝ አያውቅም አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ወንፊቱ መለሱ።

አባባ ግንቦት ላይ ነው የሞተው። ኮምባይነሩን በመንግሥት እርሻ ዘመን ሲነዳው ኖሮ፣ እርሻው ሲፈርስ በጨረታ ገዛው። ጋሽ ኑሪ ከዚያ ጀምሮ ረዳቱ ነበሩ። ክረምት ከበጋ እዚህ ግቢ ሲጠግኑት፣ አጨዳ ሲደርስ አርሲ ድረስ ስንዴ ሲያጭዱበት… ጉልበቱ ሲከዳው አቆመው። ዝናብ በላው። እንደሱ ዓይነቶቹ ከአካባቢው አልቀዋል፤ ሁሉም ተቆራርጠው ሄደዋል። አዲሶቹ ትልልቆቹ ደግሞ ትንሽ ማሳ ላለው ገበሬ አይመጡለትም። ይሄኛው ከተነሳ ይመጣል። ለዘንድሮ አጨዳ እናደርሰዋለን ብለናል።

ማታ ወንድሜ ኤርሚያስ ደወለ። "ለኮምባይነሩ ገዢ አግኝቻለሁ፤ በኪሎ።" 

በኪሎ… አባባን በኪሎ።

መስከረም 22

ኤርሚያስ የብረታ ብረት ነጋዴውን ይዞ መጣ። ሰውዬው ኮምባይነሩን እየዞረ በጣቱ ያንኳኳዋል፣ እንደሚታረድ በሬ። የት ጋ ቢቆረጥ መኪና ላይ እንደሚጫን ለኤርሚያስ ያሳየዋል። እኔ እዚያው ቆሜ!

አይሸጥም አልኩ።

"ግማሹ የኔ ነው" አለ ኤርሚያስ።

"ግማሹ የኔም ነው። የትኛውን ግማሽ ነው የምትቆርጠው?"

ነጋዴው ፈገግ አለ። እሱ መሰለኝ ኤርሚያስን ያናደደው፣ ሰው ፊት መሆኑ። ቡጢው ሲመጣ አላየሁትም። ጎማው ላይ ወደቅኩ። አፌ ውስጥ ደምና ግሪስ። ጋሽ ኑሪ ትልቁን የብሎን ቁልፍ ይዘው መሃላችን ገቡ። "ደግመህ ብትነካት ወላሂ…" አላስጨረሳቸውም፣ ገፈተራቸው። ነጋዴው "መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ" ብሎ ወጣ።

ኤርሚያስ ሳይሄድ ትንሽ ቆመ። እጁን እያየ።

ልጆች ሳለን መትቶኝ አያውቅም። አንዴም። ታላቄ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ስለኔ የሚደባደበው እሱ ነበር።

መስከረም 23

ጉንጬ አብጧል። ለደንበኞች "ላሜራ ተፈናጥሮ መታኝ" አልኩ። ሁሉም አመኑ። ለምን ዋሸሁ?

ጥቅምት 3

ከበሮውን ነቀልን። ስንዴውን ከዛላው የሚፈለፍለው እሱ ነው። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ዝጎ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኗል። በእሳት አሞቅነው፣ በመዶሻ ደበደብነው። ትከሻዬ ልትወልቅ ነው። አመሻሹ ላይ አንዴ ጮኸና ተላቀቀ፤ ጋሽ ኑሪ "አልሃምዱሊላህ!" ብለው መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም። ልጅ ሆኜ ሲወለዱ ጀምሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጠየቅኳቸው።

"ቺንጋው፣ ያ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ሳይቆም ልነካ ብዬ ነው። ጣቶቼ ሲሄዱ አላየሁም። አባትሽ ገለባው ውስጥ ፈልጎ አገኛቸው። በመሀረብ ጠቅልሎ ቀበራቸው።"

"ታዲያ አይጠሉትም?"

"ማንን?"

"ኮምባይነሩን።"

"እሱ ምን ያውቃል ልጄ? ስንዴም ሆነ እጅ ለሱ አንድ ነው።"

ሻያቸውን በሦስቱ ጣት ይዘው ጠጡ። ሳያፈሱ።

ጥቅምት 11

ዛሬውኑ ልጻፈው።

በጠራራ ፀሐይ መጡ። አይሱዙ መኪና ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ገባ። ሦስት ሰዎች ከነጋዝ መቁረጫቸው። ጋቢና ውስጥ ኤርሚያስ። እኔ የፊት ማጨጃው ስር ተኝቼ ግሪስ እቀባለሁ። ተነስቼ እስክወጣ አንደኛው መውጫ መሰላሉን መቁረጥ ጀምሯል።

ጋሽ ኑሪ መቁረጫውና ኮምባይነሩ መሃል ገብተው ቆሙ። ባዶ እጃቸውን። "ልጄ ተው፣ አትቁረጥ" ነው ያሉት፤ ሌላ ምንም አላሉም። ሁለተኛው በቧንቧ ብረት ጎናቸውን መታቸው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው… ወደቁ። ወድቀውም መታቸው፣ አፋቸው ላይ።

መዶሻው አጠገቤ ነበር። መቁረጫውን የያዘውን እጁ ላይ አሳረፍኩበት፣ አንጓው ላይ። ጮኸ። እሳቱ ሳሩ ላይ ወደቀና ሳሩ ተያያዘ። ሦስተኛው ፀጉሬን ይዞ ጎተተኝ። ፊቴ ጠጠሩ ላይ ተፋቀ። ኤርሚያስ "እሷን አትንኩ! እሷን አትንኩ አልኩ!" እያለ ይጮሃል። ይጮሃል እንጂ ንቅንቅ አላለም።

ጎረቤቶች ዱላና ማጭድ ይዘው ሲደርሱ ሮጠው መኪናው ላይ ወጡ። እሱም አብሯቸው። በሩን ሲዘጋ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። "የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሩና ጨርሱት" አለኝ ተረኛው።

"የጋሽ ኑሪን ጎድን ከማን ጋር ልነጋገርበት?"

ፊቴን አየ። ከዚያ ቃሌን ተቀበለ።

ሌላም ልጻፍ… ማን ያነበዋል። ሰውየውን ስመታው አጥንቱ ሲሰበር እጄ ላይ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ደግሜ ልመታው እጄን አንስቼ ነበር፣ ፀጉሬን ባልያዝ ደግሞ ጭንቅላቱን ነበር። እኔም እንደዚህ ነኝ?

ጥቅምት 12

ሆስፒታል። ጋሽ ኑሪ ሦስት ጎድን ተሰብሯል፣ የፊት ጥርሳቸው ወልቋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስማ ኮሪደር ላይ ያዙኝ።

"ለብረት ነው? ለሞተ ሰው ብረት ነው ባሌን የምታስገድዪው? ያንቺ አባት በሕይወት እያለ ጣቱን ወሰደው። አሁን ደግሞ አንቺ!"

ሰው ሁሉ ያየናል። እውነታቸውን ነው።

ገብቼ ጋሽ ኑሪ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፣ መተንፈስ ያማቸዋል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይቅር ሊሉኝ ወይም ሊረግሙኝ መስሎኝ…

"ከበሮው ላይ ሸራ ጣዪበት። እንዳይዘንብበት።"

ጥቅምት 20

የኤርሚያስ ሚስት ሊዲያ ሱቅ መጣች። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና። ስትገልጠው ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ አንድ ዓይኗ አይገለጥም። ዘንቢል ይዛለች። ይርጋለም እናቷ ጋ ልትሄድ ነው።

ሲመታሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ወይ አልኳት። ሳቀች። ከንፈሯ እንደገና ደማ።

ቁስሏን ሳጥብላት አወራች። "ከቀብሩ ወዲህ ባሰበት። ጥሩዬ፣ ጀርባውን አይተሽው ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ ሐይቅ እንኳ ከነሸሚዙ ነበር የሚገባው።

"ቺንጋ ነው። የኮምባይነሩ አሮጌ ቺንጋ። አባታችሁ ለሱ ብሎ አንዱን ቆርጦ አስቀምጦ ነበር። ቁልፍ ጠፋ፣ ኤርሚያስ። ናፍጣ ፈሰሰ፣ ኤርሚያስ። አርሲ ይዞት ሲሄድማ የሚያስቆመው ሰው የለም። እንቅልፉ ውስጥ ዛሬም 'አልደግምም አባባ' ይላል።"

አርሲ… ስንት አጨዳ "እኔም ልሂድ" ብዬ አልቅሻለሁ። በኤርሚያስ እየቀናሁ። አባባ ሲመለስ ለኔ ከረሜላ፤ ኮምባይነሩ ላይ ወጥቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስይዘኛል። ኤርሚያስ ወንበር ላይ መቀመጥ እንቢ ይል ነበር። ቆሞ ይበላል። ኩራት ይመስለን ነበር።

ሊዲያን መናኸሪያ ሸኘኋት።

"አዝንለታለሁ" አለችኝ መኪናው ሲነሳ፣ "ግን አልመለስም።"

ህዳር 2

ጋሽ ኑሪ ደረታቸውን በፋሻ ታስረው መጡ። ወይዘሮ አስማ ራሳቸው አመጧቸው። "ቤት ተኝቶ ሲነጫነጭብኝ ከሚውል…" አሉና ሰላም ሳይሉኝ ጥላ ስር ተቀመጡ።

የሞተሩን ማስነሻ፣ ሞተሪኖውን፣ አሠርቻለሁ፣ ናፍጣውን አጣርቻለሁ። ከሰዓት ቁልፉን አዞርኩ። ምንም። እንደገና። ሳል ሳል አለው። እንደገና… ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ! መሬቱ ራደ። ሾላው ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተበተኑ። ጋሽ ኑሪ ጎናቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ያማቸዋል፣ ይስቃሉ።

አለቀስኩ። ደግሞ ስለምን እንደማለቅስ አላውቅም። የሚያምር ድምፅ ነው። ኤርሚያስ ይህን ድምፅ ሲሰማ ምን ነበር የሚሰማው?

ህዳር 6

ኤርሚያስን ፍለጋ ሄድኩ። ጉዱማሌ አጠገብ ባጃጆች ወረፋ በሚይዙበት። የሱ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። በመስታወት አየኝ።

"ውረጂ።"

"ሊዲያ ነገረችኝ። ስለ ቺንጋው።"

ከመስታወቱ ዓይኑን አነሳ። ከዚያ ሳይዞር አወራ። "አንቺን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስይዝሽ ነበር። እኔን እዚያው መሪ ላይ እጄን አስሮ ነበር የሚገርፈኝ። አንድ አባት ነው ያለን ትያለሽ?"

"አላውቅም ነበር፣ ኤርሚ።"

"አሁን አወቅሽ። ይቆረጥ።"

"አባባ ሞቷል እኮ።"

"እሱ ሞቷል። ኮምባይነሩን ግን አንቺ አስነሳሽው። ተነስቷል ሲሉኝ… " አልጨረሰም። መሪውን በጡጫ መታው፣ ደጋግሞ፣ ቆዳው እስኪላጥ። ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ዞረው አዩን።

"ሚስትህንስ ማን መታት?" አልኩት። "እሱም ኮምባይነሩ ነው?"

ያን ጊዜ ዞረ። ፊቱን ሳይ ወረድኩ። ሮጥኩ ማለት ይሻላል።

ልተወው? ይቆረጥ ልበል? ለጋሽ ኑሪ ምን እላለሁ? ገበሬዎቹ ስንዴ ደርሷል እያሉ ይጠይቁኛል።

ህዳር 19

ከትናንት ወዲያ የሆነውን ዛሬ ነው መጻፍ የቻልኩት።

ሙከራ ነበር። ጎረቤታችን ያለው ገበሬ የታጨደ ስንዴ በጋሪ አመጣ። ኮምባይነሩ ቆሞ እየሠራ እኛ ነዶውን እየጨመርንለት ልናየው። ጋሽ ኑሪ ወንበሩ ላይ ወጡ፣ እኔና ገበሬው በመንሽ እናቀርባለን። የፊት ማጨጃው ውስጥ ያለው ትልቁ ጠመዝማዛ ብረት እየዞረ ነዶውን ይጎትታል፣ ከበሮው ይፈለፍላል… በጎን በኩል ስንዴው መውረድ ጀመረ። በእፍኜ ዘገንኩት። ንጹህ። ገበሬው በሲዳምኛ በደስታ ጮኾ እጄን መታ።

ቀና ስል ኤርሚያስ በር ላይ ነው።

ጠጥቷል፣ ከሩቅ ያስታውቃል። በሞተሩ ድምፅ የሚለው አይሰማም። ግድግዳው ጥግ የነበረውን ዲጅኖ አነሳና መጣ። ማጨጃውን ቀጠቀጠው፤ ጥርሶቹ እየረገፉ። ከኋላ አቀፍኩት። በክርኑ አፍንጫዬን መታኝ፣ ተሰበረ፣ ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የሚለውን ሰማሁ፤ እኔን አይደለም፣ ኮምባይነሩን ነው።

"ግረፈኝ! ና ግረፈኝ እንጂ! አሁን ግረፈኝ!"

ዲጅኖውን ጠመዝማዛው ውስጥ ወጋው። ጠመዝማዛው ብረቱን ያዘና ጎተተ። የጃኬቱን እጅጌ ከብረቱ ጋር። እጁን ከእጅጌው ጋር። ጋሽ ኑሪ ወዲያው አጠፉት፣ አይቻለሁ፣ ወዲያው ነው ያጠፉት። ሞተሩ ግን እስኪቆም…

ጸጥታ። ከዚያ ጩኸቱ።

ከክርኑ በላይ ድረስ ገብቷል። ዲጅኖው በብረቱና በወለሉ መሃል ተሰንቅሮ ጠመዝማዛውን ወደ ኋላ ማዞር አልተቻለም። ሦስታችንም ሞከርን። በሞከርን ቁጥር ይጮሃል። ገበሬው ቀበቶውን ፈትቶ ክንዱን ከላይ አሰረው። ደሙ ትንሽ ቀነሰ።

"ካልተቆረጠ አይወጣም" አሉ ጋሽ ኑሪ። ስለ ጠመዝማዛው ነው። ዓይናቸውን ከኔ መለሱ።

የራሴን መቁረጫ ለኮስኩ። ብረቱ ሲግል ሙቀቱ ወደ እጁ ይሄዳል፤ ገበሬው በጀሪካን ውሃ ያፈስበታል፣ እንፋሎቱ ፊታችንን ያቃጥላል። የቆዳ ጓንቴን አፉ ውስጥ ከተትኩለት፣ ነከሰ። ነከሰና መልሶ ተፋው።

"ጥሩ… ፈራሁ።"

"እኔም ፈርቻለሁ። አትንቀሳቀስ።"

በግራ ቆረጥኩ። በቀኝ ዞሬ ቆረጥኩ። የአባባ ብረት እየቀለጠ ከወንድሜ ደም ጋር ሣር ላይ ተንጠባጠበ። ለዚህ ብረት ነበር የሰው እጅ የሰበርኩት። አላሳዘነኝም። ምንም አላሳዘነኝም። ቶሎ ባለቀ ብቻ ነበር የምለው።

ሲወጣ እጅ አይመስልም ነበር።

ህዳር 20

ሐኪሞቹ ቀኝ እጁን ቆረጡት። ከክርን በላይ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ህዳር 27

ዛሬ በደንብ ነቃ።

"ስንዴው ወጣ?" አለኝ።

"ወጣ።"

"ንጹህ?"

"ንጹህ።"

"እሱ ቢሆን 'ገለባ አለው' ይል ነበር።"

አባባን ነው። በአባባ ድምፅ ነው ያለው፣ ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጎ። ሳቅ አመለጠኝ፣ የተሰበረ አፍንጫዬን ይዤ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተለወጠና አለቀሰ፣ ተንሰቅስቆ። ነርሷ መጥታ አይታን ሄደች።

መንገር ያለብኝን ነገርኩት። "ክሱን አላነሳም። የጋሽ ኑሪ ነገር አለ። አንተ ነህ ሰዎቹን ያመጣኸው።"

"አታንሺ" አለ።

"ስለ ሊዲያም የምትጠየቅ ከሆነ ቁስሏን አይቻለሁ ብዬ እመሰክራለሁ።"

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰለኝ። ቆይቶ ነው "እሺ" ያለው።

ታህሳስ 12

ጋሽ ኑሪ ሻሸመኔ ከአንድ ወዳቂ ኮምባይነር ላይ ጠመዝማዛ አገኙ። ልክክ የሚል። እንደገና ይገጠም ወይ? እኔ አልወሰንም አልኩ፤ ኤርሚያስን ጠየቅኩት። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እኔ ቤት ነው ያለው።

መልሶ ጠየቀኝ። "የገበሬዎቹ ስንዴ ገና ማሳ ላይ ነው?"

"ነው።"

"ግጠሙት። ቺንጋዎቹን ግን ሁሉንም አዲስ አድርጉ። የድሮዎቹን ስታቃጥሉ ልየው።"

አቃጠልናቸው። ቡሹሎ ላይ ጥቁር ጭስ ቆመ፣ የጎማ ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገባ። እሱ አንድ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አመድ እስኪሆን አየ። ወይዘሮ አስማ ውሃ አቀበሉት። አላናገሩትም፣ ግን አቀበሉት።

የጠመዝማዛውን ፊት የሚሸፍን የብረት መከለያ ሠርቻለሁ። ማንም እጁን እንዳይከት።

ጥር 8

ኮምባይነሩ አርሲ ነው፣ የመጨረሻውን ስንዴ እያጨደ። ጋሽ ኑሪ በየቀኑ ይደውላሉ። ዛሬ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ አጭደው እንደጨረሱ፣ ሴትየዋ ጎማውን እንደሳመች ነገሩኝ። ጎማውን!

የፍርድ ቤት ቀጠሮው የካቲት ነው። ኤርሚያስ ጥፋቱን እንደሚያምን ለጠበቃው ነግሮታል። ሊዲያ አልተመለሰችም። አይጠይቀኝም፣ እኔም አላነሳም።

ጠዋት ሻይ ስንጠጣ የግራ እጁን ጥፍር አየሁት። አድጓል፣ ተሰባብሯል። እንዴት ብሎ ይቁረጠው? ሳላስበው ቆይቼ… ስንት ቀን በጥርሱ ሲታገል እንደነበር። መቁረጫ አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ፣ እንደ ልጅ። አንድ በአንድ ቆረጥኩለት። ስለ ሰፈር ወሬ እያወራን፣ ደህና ነበርን። እንደ ድሮው ማለት ይቻላል።

ትንሿን ጣት ሳልጨርስ እጁን ድንገት አነሳ። ግንባሩን ሊያክ ነው። 

እኔ ግን ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ጎንበስ ብያለሁ። መቁረጫው ወለሉ ላይ ወድቋል። ሳላስበው። ሰውነቴ ነው ያደረገው።

ቀና ስል እጁ አየር ላይ ቀርቷል። አየኝ። እንዳየኝ አየሁት። "ምንም አይደለም" ልል ፈልጌ ተውኩት። ውሸት ይሆን ነበር።

እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። በጣም ቀስ ብሎ፣ የት እንደሚሄድ እያሳየኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወንበሩን ራሱ ወደ ኋላ ሳበው፣ እጁ ብቻ እኔ ጋ እስኪደርስ ድረስ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።

መቁረጫውን አነሳሁ።